አፈሩ ያለው ሁሉ የስንዴው አይደለም

የደንዲ ወረዳ አርሶ አደሮች፣ የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ የዛሬው ርዕሴ የአፈር ምርመራ ነው፤ በተለይ ስንዴ ከአፈር ሊያገኘው የሚችለውን ምግብ የምንለካበት ምርመራ። ርዕሱ ደረቅ እንደሆነ አላጣሁትም። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ በሰኔ መግቢያ ለማዳበሪያ ወረፋ ያልያዘ፣ ዋጋውን ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። የኪስ ጉዳይ ነውና ታግሣችሁ ስሙኝ።

በሂሳብ ልጀምር። የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2400 ቶን ይመዝናል እንበል። በአንዱ ኪሎ አፈር ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ቢኖር፣ በሄክታሩ ላይ 960 ኪሎ ፎስፈረስ ተኝቷል ማለት ነው። በሄክታር 30 ኩንታል የሚሰጥ ስንዴ ደግሞ ከነገለባው ከአፈር የሚወስደው ፎስፈረስ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ስታካፍሉት ለ80 ዓመት የሚበቃ ሀብት እግራችሁ ሥር አለ። ታዲያ ገበሬው በየዓመቱ ለምን ፎስፈረስ ይገዛል?

የሚገዛው አብዛኛው ፎስፈረስ ተይዞ ስለተቀመጠ ነው። በቀይ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ይዘውታል፣ በጥቁሩ ካልሲየም ይዞታል፤ ሌላው ደግሞ ገና ባልበሰበሰ ብስባሽ ውስጥ ነው። ስንዴው ሥሩን ሰዶ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሟሟውን ብቻ ነው፤ የሟሟው ሲያልቅ ከተያዘው ላይ ጥቂት ጥቂት እየተለቀቀ ይተካዋል፣ የሚተካው ግን ሁልጊዜ በሚፈለግበት ፍጥነት አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ የምርመራው ሥራ ላሚቱን መቁጠር ሳይሆን ስንዴው በአንድ ክረምት ምን ያህል ወተት እንደሚያገኝ መገመት ነው። «መገመት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ላቦራቶሪ ብትገቡ የምታዩት ይህን ነው። በጥላ የደረቀ፣ የተፈጨ፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወንፊት ላይ የተነፋ አፈር ይመጣል። ሠራተኛዋ 5 ግራም ትመዝናለች፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። በጠርሙስ አድርጋ 100 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት የሟሟበት ውሃ ትጨምርበታለች። ይህ ኬሚካል ቤት ውስጥ ኬክ ለመንፋት የምትጠቀሙበት ሶዳ ነው፤ ልዩነቱ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 8.5 ላይ በጥንቃቄ መስተካከሉ ነው። ጠርሙሱ ማሽን ላይ ለ30 ደቂቃ ይነቀነቃል፣ ከዚያ ይጠልላል። በጠለለው ውሃ ላይ ሞሊብዲነም ያለበት ኬሚካል ሲጨመር፣ ፎስፈረስ ካለ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ፎስፈረሱ በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይደምቃል፤ መሣሪያው የቀለሙን ድምቀት አንብቦ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ ስለሆኑ በስሙ ይጠራል።

ያ ቁጥር በኪሎ አፈር 5 ሚሊ ግራም ሆነ እንበል። ወደ ሄክታሩ ስትመልሱት 12 ኪሎ ነው። ከ960 ኪሎ ውስጥ ዘዴው የነካው 12ቱን ብቻ ነው። ብዙ ሠንጠረዦች በኦልሰን ዘዴ ከ5 በታች የሆነውን አፈር ዝቅተኛ፣ ከ10 በላይ የሆነውን ደህና ይሉታል። በየአገሩ በተደረገ ሙከራ ወሰኑ ከፍም ዝቅም ይላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ባለሙያዎቻችንም ሲዘነጉት አይቻለሁ። የኦልሰን ዘዴ የተቀመመው ኖራ ለበዛበትና አሲድ ላልሆነ አፈር ነው። ለአሲዳማው ቀይ አፈር እ.ኤ.አ. በ1945 ብሬይና ኩርትዝ ያወጡት ሌላ ዘዴ አለ፤ ብሬይ ይባላል፣ የሚጠቀመውም ፍሎራይድ ያለበት አሲድ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ሜህሊክ ብዙ ንጥረ ነገሮችን በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ቅመም አቀረበ። እነዚህ ሦስቱ ከአንድ አፈር ሦስት የተለያየ ቁጥር ያወጣሉ፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። የሚያስቸግረው በብሬይ የተለካን ቁጥር በኦልሰን ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጦ ምክር መስጠት ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀት ሲደርሳችሁ ከቁጥሩ በፊት የዘዴውን ስም ፈልጉ። ዘዴው ካልተጻፈ ወረቀቱን መልሱትና ይጻፍላችሁ።

ወደ ናይትሮጅን ልለፍ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ላቦራቶሪው በናይትሮጅን ላይ ያን ያህል አይረዳንም። በወረቀታችሁ ላይ «ጠቅላላ ናይትሮጅን» የሚል ቁጥር ይኖራል። የሚለካበት ዘዴ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ያወጣው ዮሃን ኬልዳል የሚባል ዴንማርካዊ ነው፤ ይሠራ የነበረው በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነበር፣ ፈልጎ የነበረውም በእህል ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ለማወቅ ነው። የቢራ ገብስ የምትዘሩ ወገኖች ሰላምታ አቅርቡለት። ዘዴው አስተማማኝ ነው፤ ጥያቄያችንን ግን አይመልስም። ከመቶ 0.1 ናይትሮጅን ያለበት አፈር በሄክታር 2400 ኪሎ ናይትሮጅን አለው ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ በዓመት ተብላልቶ ሰብሉ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ የሚወጣው ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ ነው። ይኸውም ከ24 እስከ 72 ኪሎ ነው። 30 ኩንታል ስንዴ ከነገለባው ከ70 እስከ 80 ኪሎ ናይትሮጅን ይፈልጋል። በ24 እና በ72 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ኩንታል ዩሪያ ያህል ነው፤ የትኛው ላይ እንደምትወድቁ የሚወስነው ደግሞ የዚያ ዓመት ዝናብ፣ ያለፈው ዓመት ሰብልና መሬቱ የታረሰበት ጊዜ ነው። ዝናቡ በሚበረታበት አገር ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን መልክ ዛሬ ተለክቶ በሳምንቱ ታጥቦ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ናይትሮጅንን በተመለከተ ከላቦራቶሪ ይልቅ የእርሻው ታሪክ ይበልጥ ይናገራል። አምና ሽምብራ ወይም ባቄላ የነበረበት መሬት ስንዴ ለሁለተኛ ዓመት ከሚዘራበት መሬት ያነሰ ዩሪያ ይፈልጋል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ጊንጪ መሬት።

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ሆለታን አልፋችሁ በአዲስ ዓለም በኩል ወደዚህ ስትመጡ አፈሩ ይለዋወጣል። በሆለታ ዙሪያና በገለሳ በኩል በከፍታው ላይ ቀይ ነው፣ ቢዬ ዲማ የምትሉት። ጊንጪ ሜዳ ላይ ጥቁር ነው፤ በኦሮምኛ ኮቲቻ፣ በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ቀዩን አፈር በግቢው፣ ጥቁሩን እዚህ ጊንጪ ባለው የሙከራ መሬት ሲመረምር አሥርተ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ስለዚህ የጊንጪ አፈር በአገራችን የአፈር ሳይንስ ጽሑፎች ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። ኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አላት፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋው በደጋና በወይና ደጋ ነው።

መረሬውን ወስዳችሁ ብትመረምሩት ወረቀቱ የሚያምር ይሆናል። ፒኤቹ ለገለልተኛ ቅርብ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሞልቶታል። ፖታሲየሙ ደህና ነው። ከመቶ 60 በላይ የሚሆነው ሸክላ ስለሆነ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ ከቀዩ አፈር በብዙ ይበልጣል። ፎስፈረሱና ናይትሮጅኑ ዝቅ ማለታቸው ባይቀርም፣ ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ሰው «ይህ አፈር ማዳበሪያ ይደፋበት እንጂ ጎተራ ነው» ሊል ይችላል።

በነሐሴ አጋማሽ ግን ያንን መሬት ሄዳችሁ እዩት። ጊንጪ ወደ 2200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሸክላው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባው ስንጥቅ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ መግቢያ ያጣል። ውሃው ላይ ይተኛል። የስንዴው ሥር አየር ያጣል፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ምግብ ከፊቱ ቢቀመጥም አይበላም። አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ከናይትሬቱ ላይ ይነጥቃሉ፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ወረፋ ጠብቃችሁ የገዛችሁት ዩሪያ ማለት ነው። ቡቃያው ከታች ካለው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ቢጫውን አይቶ «ዩሪያ አነሰው» ይላል፣ የልማት ሠራተኛውም ይስማማል፣ ተጨማሪ ዩሪያ ውሃው ላይ ይበተናል። የውሃውን ጥፋት ለማዳበሪያው ማሸከም የአብዬን ወደ እምዬ ነው።

ጥር ላይ በደረቅ አፈር የተወሰደ ናሙና ስለ ነሐሴ ውሃ አንዲት ቃል አይናገርም። የትኛውም የላቦራቶሪ ዘዴ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ውሃ የተኛበትን መሬት ከማይተኛበት አይለይላችሁም። ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ የናሙናው ወረቀት ላይም መጻፍ ያለበት ያ ነው። በአገራችን የናሙና ቅጾች ላይ «በነሐሴ ውሃ ይተኛበታል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ለመረሬ አገር ከፒኤቹ ቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ ይህ ነው።

አያቶቻችሁ ይህንን ያውቁት ነበር። ለዚህም ነው መረሬውን ክረምቱን ሙሉ እያረሱ አቆይተው በመስከረም ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት፣ ውሃ የሚችለውን ጤፍም የሚያዘገዩት። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ በእጁ አፈሩን እየዛቀ ሰፋፊ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው ይወርዳል፣ ስንዴውም በጊዜ ይዘራል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ፕሮጀክት ያንን የእጅ ሥራ ወደ በሬ ጫንቃ ለማዛወር ሞከረ። ያኔ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ ከህንድ ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም፣ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲና ግብርና ሚኒስቴር ነበሩበት፤ ጊንጪም ከሥራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ታስሮ ክንፍ ተገጠመለትና 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብ ከ40 ሳንቲ ሜትር ፈሰስ ጋር የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራ፤ ቢቢኤም ብላችሁ የምታውቁት ነው። የመጀመሪያው ከባድ ነበር፤ በሬውም ገበሬውም አማረሩበት። በኋላ የመጣው አይባር የተባለው የዶክተር መለሰ ተመስገን መሣሪያ ከዚያ ይቀልላል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ማረሻ ለመናገር ፈልጌ አይደለም። ውሃው የወረደለት መረሬ ላይ ስንዴ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መዝራት ይቻላል፤ ማዳበሪያውም ዋጋውን የሚያወጣው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። ውሃ በተኛበት መሬት ላይ የአፈር ምርመራ ማዘዝ ብር ማባከን ነው። ፈሰሱን አስቀድሙ።

ቀዩ አፈር ሌላ ታሪክ አለው። ውሃ አይተኛበትም፤ አሲድ ነው። በሆለታ ዙሪያ ፒኤች 5 እና ከዚያም በታች ማግኘት የተለመደ ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟል፤ የሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ያደነድነዋል፣ የምትጨምሩትንም ፎስፈረስ ወዲያው ይይዘዋል። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲድነት እንደሚያጠቃው ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑን ሰምታችኋል፤ ጉደር ላይም የኖራ መፍጫ አለላችሁ። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። የኖራ መጠን ፒኤች ብቻ በማየት አይታዘዝም። ፒኤቹ እኩል 4.8 የሆነ ሁለት መሬት፣ አንዱ 2 ቶን ሌላው 4 ቶን ሊፈልግ ይችላል፤ የሚለየው በሸክላው ላይ የተጣበቀው አሲድ ብዛት ነው። ይህ ደግሞ ለብቻው በላቦራቶሪ ይለካል። 2 ቶን ኖራ በአህያ ወደ ገለሳ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ለዚህ ልኬት የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ መሆኑን ይረዳል። ላቦራቶሪ ዋጋውን በእርግጥ የሚያወጣበት ቦታ ካለ ይህ ነው።

አሁን «መገመት» ወዳልኩት ልመለስ።

ሰማያዊው ቀለም ያወጣው ቁጥር በራሱ ምክር አይደለም። ምክር የሚሆነው በብዙ እርሻ ላይ በሙከራ ሲፈተሽ ነው። ቁጥራቸው 3፣ 6፣ 9፣ 15 የሆኑ ብዙ መሬቶች ተመርጠው፣ በየአንዳንዱ ላይ ፎስፈረስ ያገኘና ያላገኘ ስንዴ ጎን ለጎን ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተመዝኖ፣ ፎስፈረስ መጨመር የማይጠቅምበት ወሰን ሲታወቅ ነው ቁጥሩ አንደበት የሚያገኘው። ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ ዓመታት ይፈልጋል፣ ጋዜጣ ላይም አያወጣም። ላቦራቶሪ ማስመረቅ ይቀልላል፤ ሪባን አለው።

የአገራችን የማዳበሪያ ታሪክ በአብዛኛው ይህንን ሥራ እየዘለለ የመጣ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ የማዳበሪያ ማሳያዎች ተጀመሩ። በአለማያ ኮሌጅ ያስተማረው አሜሪካዊው መርፊ እ.ኤ.አ. በ1968 ከየአገሩ የሰበሰባቸውን የአፈር ናሙናዎች ውጤት አሳተመ፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያንሳል፣ ፖታሲየም ግን አለ አለ። ከዚያ ወዲያ ለአሥርተ ዓመታት የገባልን ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ማሳያዎች ሲመጡ መጠኑ በሁሉም አፍ ገባ፤ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። በንጥረ ነገር ሲሰላ 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 20 ኪሎ ፎስፈረስ ነው። ለመረሬውም ለቀዩም፣ ለተዳፋቱም ለሜዳውም፣ ለቆላውም ለደጋውም ያው ነበር። በአንድ ነገር ግን አልወቅሰውም፤ ገበሬው በቀላሉ የሚያስታውሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የአገሪቱን አፈር በሙሉ ካርታ ለማንሣት ኢትዮሲስ የተባለውን ሥራ ጀመረ። ከመሪዎቹ አንዱ በጥቁር አፈር ምርምር ስማቸው የሚታወቀው ፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞ ነበሩ። ከየወረዳው ናሙና ተሰበሰበ፤ አብዛኛው በብርሃን ጨረር ንባብ፣ ከፊሉ በሜህሊክ ዘዴ ተመረመረ። ትልቅ ሥራ ነው፤ በአፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል የደፈሩ አገሮች ጥቂት ናቸው። ካርታው ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክ፣ በአንዳንድ ቦታም ፖታሲየም ያንሳል አለ። ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ መጣ፤ በኩንታሉ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌት፣ 7 ኪሎ ሰልፈር አለው። ቦሮንና ዚንክ የተቀላቀለባቸውም ተከተሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ። ካርታው አገር ምን ዓይነት ማዳበሪያ ታስገባ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው። የእናንተ እርሻ ምን ይፈልጋል ለሚለው ግን አይበቃም፤ ለዚያም አልተሠራም። ለብዙዎቹ ንጥረ ነገሮች «አነሰ» የተባለበት ወሰን የተወሰደው ከሌላ አገር ጽሑፍ ነው፤ በእኛ ስንዴ፣ በእኛ አፈር ላይ ገና አልተፈተሸም ነበር። በኋላ በየቦታው ንጥረ ነገሮቹን አንድ በአንድ እያስቀሩ በተደረጉ ሙከራዎች፣ በአብዛኛው ቦታ ስንዴውን የያዘው ናይትሮጅን ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥሎ ፎስፈረስ። የሌሎቹ ጥቅም በአንዳንድ ቦታ ብቻ ታየ። በዚያው ሙከራ ሌላም ነገር ወጣ፤ ማዳበሪያው በተራራው ግርጌ አፈሩ በጠለቀበት መሬት ላይ የሚሰጠው ጭማሪ ከተዳፋቱ ራስ ይበልጣል። ገበሬ ይህን ካርታ ሳያይ ያውቀዋል፤ የማዳበሪያ እደላው ግን በአብዛኛው በሄክታር እኩል ነው።

ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ ናሙና አወሳሰዱን ልናገር። ስህተቱ ከሁሉ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው፤ ላቦራቶሪው የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ የተበላሸ ናሙናን አያድንም። ከ2400 ቶን አፈር አንድ ኪሎ ነው የምትልኩት፤ ያ አንድ ኪሎ ያንን ሁሉ ሊወክል ይገባዋል። መጀመሪያ መሬታችሁን ለዩት፤ መረሬው ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ፣ ተዳፋቱ ለብቻ፣ ሜዳው ለብቻ። ቦታዎቹ ተቀላቅለው ከተላኩ ውጤቱ የማንም መሬት ያልሆነ አማካይ ነው። በአንዱ ዓይነት መሬት ውስጥ በዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ ላይ ትቆፍራላችሁ። ገለባውን ከላዩ ጥረጉ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል ቆፍራችሁ ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች እኩል ስስ ቁራጭ ላጡ። ከላዩ ብዙ ከታቹ ጥቂት ከሆነ ፎስፈረሱን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። አውድማ የነበረበትን፣ ኩይሳን፣ የአጥር ጥግን፣ ከብት የሚያድርበትን፣ ዛፍ ሥርን፣ ኩበት የተከመረበትን ዝለሉ። የጓሮው መሬት አመድና ፍግ ስለሚደርሰው ብቻውን ሌላ ዓለም ነው፤ ከእርሻው ጋር አትቀላቅሉት።

የሰበሰባችሁትን በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉት። በቆርቆሮ ባልዲ አይሁን፤ ቆርቆሮው ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ የዚንኩን ውጤት ያበላሻል። ንጹሕ ላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ አራት ቦታ ክፈሉት፣ ትይዩ ሁለቱን ጣሉ፣ የቀረውን እንደገና አደባልቃችሁ ክፈሉ፣ አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ። በጥላ ይድረቅ። ምድጃ አጠገብ ከሰቀላችሁት አመድ ይገባበታል፤ ፒኤቹም ፖታሲየሙም ይዋሻል። በእርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ስምና ቀበሌ ብቻ አይበቃም፤ አምና ምን እንደተዘራ፣ ምን ማዳበሪያ እንደገባበት፣ ነሐሴ ላይ ውሃ ይተኛበት እንደሆነ ይጻፍ። ከዚያ በልማት ጣቢያችሁ በኩል ወደ ሆለታ ይላካል፤ በኦሮሚያ ነቀምት፣ በደሌና ባቱም የአፈር ምርምር ማዕከላት አሉ።

አንድ ሰው ብቻውን ቢልክ ወጪው ይከብደዋል። በኩታ ገጠም የምታርሱ ግን አፈራችሁ አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ናሙና ለብዙ ቤተሰብ ይሆናል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ማዳበሪያ ለማምጣት እንደሚጨነቀው ለዚህም አንድ ቀን ይመድብ። ተማሪዎቹም ከሠርቶ ማሳያ ዘገባ ይልቅ ናሙና መውሰድ ላይ ቢሰማሩ ለአገር የበለጠ ይጠቅማሉ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ይህ ነው። በመጪው ክረምት ስንዴ ስትዘሩ ውሃ ከማይተኛበት መሬታችሁ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቁራጭ ለዩልኝ፤ እያንዳንዱ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሁን። አንዱ ላይ እንደ ልማዳችሁ 1 ኪሎ ኤንፒኤስና 1 ኪሎ ዩሪያ ስጡት። ሌላው ላይ ኤንፒኤሱን ትታችሁ 1.4 ኪሎ ዩሪያ ብቻ ስጡት፤ በዚህ መጠን የሁለቱ ናይትሮጅን እኩል ይሆናል። በሁለቱም ላይ ዩሪያውን ከፍላችሁ ግማሹን በዘር ጊዜ፣ ግማሹን ስንዴው ከሥሩ ተጨማሪ ቡቃያ ማውጣት ሲጀምር ስጡ። ሲደርስ ለየብቻ አጭዳችሁ፣ ለየብቻ ወቅታችሁ መዝኑ። ቁራጩ የሄክታር መቶኛ ስለሆነ የሚዛኑ ኪሎ በቀጥታ በሄክታር ኩንታል ነው፤ 28 ኪሎ ካገኛችሁ በሄክታር 28 ኩንታል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኤንፒኤሱ በእናንተ መሬት ላይ ያመጣው ነው፤ ኩንታሉን ከገዛችሁበት ብር ጋር አስተያዩት። ውጤቱን ከአፈር ምርመራ ወረቀታችሁ ጋር አያይዛችሁ ለልማት ጣቢያው አስረክቡ። ናሙና የሚወሰደው አጨዳው አልቆ ማዳበሪያ ሳይገባ፣ በጥርና በየካቲት ነው፤ እርሻው ጦሙን ያደረው በዚያን ጊዜ ነውና አትለፉት።